አጠገባቸው ማደር

ለንደን፣ ማክሰኞ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ ተኝተዋል። መቋሚያቸውን ከራስጌያቸው አስደግፈዋል፤ ጋቢያቸውን ከሆቴሉ ብርድ ልብስ በላይ ደርበዋል። እኔ ትልቁን መብራት አጥፍቼ በጠረጴዛዋ መብራት እጽፋለሁ። የኢውስተን ጎዳና ሌሊትም አይተኛም። አውቶቡስና አምቡላንስ ይመላለስበታል። ክፍላችን ወደ ጓሮ ስለሚያይ ግን ድምፁ እንደ ሩቅ ወንዝ ነው የሚሰማን።

ይህን ሆቴል ለመምረጥ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ለሁለት ሌሊት ያን ያህል መጨነቄን ሊድስ ያሉ ጓደኞቼ አልተረዱኝም። አክስቴም አልተረዱኝም። የአባባ ታናሽ እህት ደቡብ ለንደን ነው የሚኖሩት፤ ትርፍ መኝታ ቤት አላቸው፣ ቤታቸውም ከሰው ተለይቶ አያውቅም። ሆቴል ልንይዝ መሆኑን የሰሙ ዕለት ስልኩ ውስጥ ድምፃቸው ጠፋ። ቆይተው «ምን አጠፋሁ ልጄ? ወንድሜ ለንደን መጥቶ ሆቴል ሲያድር ሰው ምን ይለኛል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በእኛ ዘንድ የዘመድ ቤት እያለ አልጋ መከራየት ዘመድን መካድ ነው። እኔ ራሴ ይህች አገር ስገባ ስድስት ወር ያደርኩት እሳቸው ሳሎን ነበር። ምን ብዬ እንደማስረዳቸው ጨነቀኝና ስልኩን ለአባባ ሰጠኋቸው።

አባባ ጎንደር ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ለእህታቸው ረጅም ነገር አላወሩም። «ዘመድ ሆስፒታል ሲተኛ አስታማሚ የት ነው የሚያድረው? እደጁ አይደለም? እኔም እደጃቸው ልደር ብዬ ነው እንጂ አንቺን ንቄ አይደለም» አሏቸው። አክስቴ ማልቀስ ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሆቴሉ ያነሱት ነገር የለም። «በይ እንግዲያው ምግቡን እኔ ነኝ የማመጣ» ብቻ አሉ።

አባባ እንደ ታማሚ ዘመድ የሚያስቧቸው የመቅደላ መጻሕፍት ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው ከጎንደር አድባራት ያሰባሰቧቸው ብራናዎች ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሠውተው አምባዋ በእንግሊዝ ጦር ስትያዝ ያለው ሁሉ ተዘረፈ። 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ሲደርስ ለጨረታ ቀረበ። ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ ነበር፤ ለሙዚየሙ ገዛ። 350 ያህል መጻሕፍት እዚህ ከተማ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1973 ብሪቲሽ ላይብረሪ ከሙዚየሙ ተለይቶ ሲቋቋም ከእርሱ ጋር ሄዱ። አሁን ያሉት እኛ ካለንበት ጎዳና ላይ ነው።

«ሁለት ጊዜ ነው የተሰደዱት» ይላሉ አባባ። «መጀመሪያ ከጎንደር፣ ኋላ ከመቅደላ።» የመጀመሪያውን ስደት ሲያነሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ቴዎድሮስን ይወዷቸዋልና። የጎንደር ካህናት ልጅም ናቸውና ደግሞ ነገሩን አይዘነጉትም።

ከመጻሕፍቱ መካከል ፎቶ ተነሥተው ኢንተርኔት ላይ የወጡ አሉ። ሊድስ ቤቴ ቁጭ ብለን በኮምፒውተር እያሰፋሁ አሳይቻቸዋለሁ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ከማያው ጋር ተጠጋግተው አነበቡ፤ የዜማ ምልክቱን እያዩ በለሆሳስ አዜሙ። ሲጨርሱ «ሽታው የለም» አሉ። ለላይብረሪው ደብዳቤ የጻፍኩት በማግስቱ ነው። አባባ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳስተማሩ፣ የትኛውን የድጓ መጽሐፍ ለማየት እንደሚሹ ጻፍኩ። መልሱ ሲመጣ ቀኑ ተቆርጦ ነበር፦ ረቡዕ፣ ነሐሴ 7።

እንግዲህ ሆቴል ፍለጋው የተጀመረው ያኔ ነው።

ከኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ ወደ ደቡብ ስትሻገሩ በድሮ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የተከፈቱ ትንንሽ ሆቴሎች በረድፍ አሉ። ርካሽ ናቸው፤ ከውጭ ሲታዩ ያምራሉ። ከዓመታት በፊት ከእነዚህ በአንዱ አድሬ ነበር። ሊፍት አልነበረውም። ደረጃው እየጠበበ እየጠበበ አራተኛ ፎቅ ሲያደርሰኝ ሻንጣዬን በጭንቅላቴ ልሸከም ምንም አልቀረኝም። ሻወሩ ቁም ሣጥን የሚያህል ነበር፤ ሌሊቱን በሙሉ ከጎን ክፍል የሚያስል ሰው ሰማሁ። ለእኔ አንድ ሌሊት ነው፣ አለፈ። አባባን ግን ጉልበታቸው እንደዚያ ሆኖ በዚያ ደረጃ ሳወጣቸው በሐሳቤ አየሁና ያንን መንገድ ዘጋሁት።

በሌላው ጫፍ ከኪንግስ ክሮስ አጠገብ፣ የሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ራሱ ላይ ያለው ትልቁ ሆቴል ነበር። ቀይ ሸክላው፣ የሰዓት ማማው፣ ሹል ሹል ጣራው። እ.ኤ.አ. በ1873 የተከፈተ፣ በኋላ ተዘግቶ ሊፈርስ ሲል የዳነ፣ በ2011 እንደገና ሥራ የጀመረ ነው። ዋጋው የእኔን ወር ደመወዝ ይቆርጣል።

ስለዚህ መካከለኛው ቀረ፦ በየከተማው ቅርንጫፍ ያላቸው፣ ሁሉም ክፍላቸው የሚመሳሰል ሆቴሎች። ፕሪሚየር ኢን፣ ትራቭሎጅ፣ ኢቢስ። ሰው እነዚህን ነፍስ የላቸውም ሲል እሰማለሁ። እኔ ግን በዚህ ምርጫ የተማርኩት መመሳሰላቸው ለሽማግሌ ትልቅ ነገር እንደሆነ ነው። ፕሪሚየር ኢን ሊድስም አለ። አንድ ቅዳሜ አባባን ይዤ ሄድኩና እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችውን ልጅ ነገሩን አስረድቼ ባዶ ክፍል እንድታሳየን ለመንኳት። ደስ ብሏት አሳየችን። አባባ አልጋው ላይ ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ እንደገና ተቀመጡ። ከፍታው ለጉልበታቸው ተስማማ። ባኞ ቤቱን አየን፤ መታጠቢያው ገንዳ ስለሆነ እግር አንሥቶ መሻገር ይጠይቃል። ልጅቱ ቀድሜ ከጠየቅሁ ገንዳ የሌለው፣ መሬቱ እኩል የሆነ ሻወር ያለው ክፍል እንደሚገኝ ነገረችኝ። ይህን በስልክ ወይም በፎቶ ማን ያውቀዋል? ለንደን ያለውን አልጋ ሊድስ ላይ ሞክረን ገዛነው ማለት ይቻላል።

ዋጋው እንደ ቀኑ ይለዋወጣል፤ ቀደም ብሎ የያዘ ይጠቀማል። ርካሹ ዓይነት ከሰረዝሽ ገንዘብሽ የማይመለስበት ነው፤ ጨምረሽ ከከፈልሽ እስከ ዕለቱ መሰረዝ ትችያለሽ። እኔ ጨምሬ ከፈልኩ። የአባባ ጤና አለ፣ ላይብረሪው ቀኑን ቢያዛውርስ አለ። ቁርስ ግን አልገዛሁም። ፍልሰታ ነው፤ አባባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምሱም። ቁርስ ካልገዛን ሰው የሚበላበት አዳራሽ እንገባለን ብለው አይሳቀቁም።

ዛሬ ከሊድስ በባቡር ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ተጉዘን ኪንግስ ክሮስ ወረድን። ሰው እንደ ጥምቀት ነው። ሻንጣ የሚጎትት፣ ሰሌዳ እያየ የሚሮጥ፣ ከምድር ውስጥ ባቡር የሚፈስ፤ ስድስት መስመር እዚያ ይገናኛል። ሆቴሉ ሩቅ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ሕዝብ መካከል ታክሲ ልፈልግ ነበር። አባባ ክንዴን ይዘው ቀስ እያልን በእግራችን ወጣን። ያ ቀይ ሕንፃ ፊት ስንደርስ ቆሙና ቀና ብለው አዩት። «የማን ደብር ነው?» አሉኝ። ጣቢያና ሆቴል እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ስሙ ግን የሰማዕት ነው አልኳቸው። ጳንክራስ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ሮም ላይ በ14 ዓመቱ አንገቱን የተቀላ ልጅ ነው። ዲዮቅልጥያኖስን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። «የእኛ የዓመተ ሰማዕታት ቁጥር ከእርሱ ዘመን አይደለም እንዴ የሚጀምረው» አሉና ሕንፃውን ሳይሆን ሰማዕቱን አስበው አማተቡ። ጣቢያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1868 እንደሆነም ነገርኳቸው። መቅደላ የወደቀችበት ዓመት ነው። አባባ ትንሽ ዝም አሉ። «አንዱ ሲቃጠል አንዱ ይገነባል» አሉና ወደ ፊት ተራመዱ።

ሆቴሉ ውስጥ የጠየቅሁት ሁሉ ተሟልቶ ቆየን። ዝቅተኛ ፎቅ፣ ወደ ጓሮ የሚያይ፣ ከሊፍቱ ብዙ ያልራቀ፣ ገንዳ የሌለው ሻወር። አባባ ገብተው መጀመሪያ የጠየቁኝ ምሥራቁን ነው። ስልኬን አውጥቼ አቅጣጫውን አሳየኋቸው፤ በመስኮቱና በቁም ሣጥኑ መካከል ያለች ማዕዘን ሆነች። ወንበሩን አነሣሁላቸውና ቦታዋ ተጠረገች። የዘጠኝ ሰዓቱን ጸሎት እዚያው ቆመው አደረሱ።

አክስቴ አመሻሽ ላይ በሁለት አውቶቡስ መጡ። በፌስታል ሙሉ ሱፍ ፍትፍት፣ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦ፣ ቴርሞስ ሻይ። ክፍሉ ውስጥ ማንቆርቆሪያ መኖሩን እያዩ «ውኃ ማፍያ አለ ብትይኝ ቴርሞሱን ባልተሸከምኩ» አሉኝ፤ ግን ሻዩ የእሳቸው ስለሆነ ያንኑ ጠጣን። ዕቃ የሌለበት ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፈን፣ እኔ አልጋው ጫፍ፣ እነሱ ወንበሩና ሶፋው ላይ ሆነን በላን። ወንድምና እህት የአባታቸውን ቤት፣ የግቢውን የኮሶ ዛፍ፣ ልጅ ሳሉ የሞተባቸውን ወንድም አነሡ። ክፍሉ ለሁለት ሰው የተሠራ ቢሆንም ለሦስት አልጠበበም። አክስቴ ሲሄዱ በሩ ላይ ቆመው ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩ። «ንጹሕ ነው። ሰላም አለው። ደግ አደረግሽ» አሉኝ። የሦስት ሳምንት ድካሜ ያኔ ወጣልኝ።

ለነገ የሚያስፈልገውን ደርድሬያለሁ። ፓስፖርታቸው፣ የላይብረሪው ደብዳቤ፣ ሁለት እርሳስ። ንባብ ክፍሉ ውስጥ እስክሪብቶ አይገባም፤ ካፖርትና ቦርሳም ታች ይቀራል። አባባ መቋሚያቸውን ያስገቡኝ ይሆን ብለው ሲጨነቁ አምሽተዋል። ለመራመጃ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ ብያቸዋለሁ። እጃቸውን ግን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥበው ነው የተኙት። ብራናው ነገ እንጂ ዛሬ እንደማይነካ ያውቃሉ።

አሁን ተገላበጡ። ተኝተው የመሰለኝ አልተኙም ኖሯል።

«ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት አልሽኝ?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አባባ።»

«በእግር ስንት ደቂቃ ነው?»

ዛሬ ለአራተኛ ጊዜ ነው የጠየቁኝ። «በእኔ እርምጃ አምስት፣ በእርስዎ አሥር» አልኳቸው።

«አሥር» አሉ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። «በሁለት ሰዓት ተኩል እንውጣ።»