የእትዬ የስኳር ኪኒን ቦርከና ገባ

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ እትዬ ቤት ቡና ልጠጣ ሄጄ ነው ይሄ ሁሉ ነገር የጀመረው። እትዬ አክስቴ ናት፣ ስኳርም ግፊትም አለባት፣ ግን አቦል ቶና በረካ ሳትል የምትውል ሴት አይደለችም። በረካው ላይ ስንደርስ ተነስታ ከቁምሳጥን አንድ ፌስታል ሙሉ ኪኒን አወጣች፣ ጊዜው ያለፈበት፣ ግማሹ የራሷ የስኳር ኪኒን ሜትፎርሚን፣ ግማሹ ልጆቹ ሲሻላቸው ያቋረጡት አሞክሳሲሊን (ባክቴሪያ የሚገድለው)፣ ከስር ደግሞ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የወገብ ማስታገሻ፣ ይዛው ቀጥ ብላ ወደ ሽንት ቤት።

"ኧረ እትዬ ምን ልታረጊው ነው?"

"ልደፋዋ! ህፃን አንስቶ ቢውጠውስ?"

እውነቷን እኮ ነው። "የዚህ ቤት ቱቦ መጨረሻው ቦርከና ወንዝ ነው" አልኳት።

"ይግባ፣ ወራጅ ውሃ ምን ይሆናል" አለች።

እኔም እንደዚሁ ብዬ ነው ያደግኩት። ለኛ የተበከለ ውሃ ማለት ወይ የሚሸት ወይ ቀለም ያለው ነው። ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ይሄን በደንብ ያውቀዋል፣ ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባባቸው ትንንሾቹ ወንዞች ቀለማቸው ይቀያየራል፣ አረፋ ይሸከማሉ፣ ቆዳ ከሚለፋበት ደግሞ ክሮም የሚባል ብረት ይመጣል፣ እና ሰው አይቶ ይሸሻል፣ ከብቱንም ይከለክላል (ሌላ ውሃ ካለው)። እሱ ብክለት ቢያንስ ራሱን ያሳያል። እኔን አሁን አሁን የሚያስፈራኝ ጥርት ብሎ የሚወርደው ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው እኮ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜትፎርሚን ሰውነት ውስጥ አይሰባበርም፣ ስራውን ሰርቶ በኩላሊት በኩል እንዳለ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ እትዬ ኪኒኗን ደፋችውም ዋጠችውም ዞሮ ዞሮ ውሃ ውስጥ ነው የሚገባው፣ መድፋቱ ባንዴ በገፍ ያደርገዋል እንጂ። 2022 ላይ የወጣ፣ እንግሊዝ አገር ያለው የዮርክ ዩኒቨርሲቲ የመራው ትልቅ ጥናት አለ፣ በ104 አገር 258 ወንዞች ላይ 1,052 ቦታ ውሃ ቀድተው መድኃኒት ለኩበት። በብዛት ከተገኙት ሦስቱ ምን ምን መሰሏችሁ፣ አንዱ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው ካርባማዜፒን፣ አንዱ ሜትፎርሚን፣ ሦስተኛው ካፌይን! ማለትም እትዬ ቡናዋም ኪኒኗም ዝርዝሩ ላይ አሉ ማለት ነው። በመድኃኒት ድምር መጠን ከፓኪስታን ላሆርና ከቦሊቪያ ላፓዝ ቀጥሎ ሦስተኛ የወጣችው ደግሞ የኛዋ አዲስ አበባ ናት። አዲስ አበባ እንጂ ደሴ አልተባለም ትሉ ይሆናል፣ የደሴ ሰው ሽንት ግን የተለየ ተአምር የለውም።

ይሄን ስነግራት "ታዲያ ትንሽ አይደል እንዴ፣ ጠብታ ለጠብታ" አለችኝ። ትንሽ ነው አዎ። ግን ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ለሙከራ ብቻ የተተወ ሐይቅ አለ፣ ከ2001 እስከ 2003 በየክረምታቸው... እሺ በየበጋቸው፣ የወሊድ መከላከያ ፒልስ ውስጥ ያለውን ሆርሞን ጨመሩበት፣ በሊትር 5 ናኖግራም አካባቢ። እኔ ናኖግራም ሲባል አይገባኝም ነበር፣ ስለዚህ በኛ መለኪያ ቁጭ ብዬ አሰላሁት፣ አንድ ግራም በ10 ሚሊዮን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ውስጥ እንደመበተን ነው። ከዚያ ወንዶቹ ዓሦች የእንቁላል ፕሮቲን መስራት ጀመሩ፣ አንዳንዶቹ የዘር ፍሬያቸው ውስጥ እንቁላል ተገኘ፣ እና አንዷ ትንሽዬ የዓሣ ዝርያ ከሐይቁ ልትጠፋ ምንም አልቀራት። መጨመሩን ሲያቆሙ ከዓመታት በኋላ ነው ያገገመችው። ውሃው እኮ ያን ሁሉ ጊዜ ኩልል ያለ ነው፣ ቀድተህ ብታየው ምንም የለውም። ብታፈላውም አይጠቅምም፣ ማፍላት ተህዋስ ይገድላል እንጂ መድኃኒት አያወጣም፣ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይወፍራል።

አሞክሳሲሊኑ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ወንዝ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ የማይገድለው ትንሽ ትንሽ መጠን በየቀኑ ሲደርሰው ይለምደዋል፣ ከዚያ ያ የለመደ ባክቴሪያ ከታች ሐርቡና ከሚሴ ሽንኩርት በሚጠጣበት ውሃ ይወርዳል፣ ሽንኩርቱ ተመልሶ ደሴ ገበያ ይወጣል። አገራችን ደግሞ ፀረ ተባይ "መድኃኒት" ነው የሚባለው፣ ገበሬው መድኃኒት ረጨሁ ነው የሚለው፣ የረጨበትን ዕቃ ቦዩ ላይ ያጥባል፣ ማን ምን ይለዋል፣ ስሙ መድኃኒት አይደል።

ቦርከና ቢያንስ ይሄዳል፣ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል (ስለዚህ "ሄደ" ማለትም እኛ ጋ የለም ማለት ብቻ ነው)። እዚሁ ደሴ አጠገብ ያለውን፣ ስሙም ሐይቅ የሚባለውን ሳስብ ነው ሆዴ የሚባባው፣ ከተማዋን ሳይሆን ራሱን ውሃውን። ጎረቤቱ አርዲቦ ሐይቅ ሞልቶ በአንከርካ ወንዝ ወደሱ ይፈሳል፣ ከሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ፀሐይ ንፁሁን ውሃ ታተነዋለች፣ ማዳበሪያው፣ ሳሙናው፣ መኪና የታጠበበት ዘይቱ፣ የፖሊስተር ልብስ ሲታጠብ የሚረግፈው በዓይን የማይታይ ፕላስቲክ እዚያው ይቀራል። ድሮ በጣም የጠራ ነበር፣ በፈረንጅ 1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ ዓሣ ከሌላ ቦታ አምጥተው ለቀቁበት፣ ዓሣውስ ስንቱን ቤተሰብ አበላ አልክድም፣ እኔም እስጢፋኖስ ገዳሙን እያየሁ የተጠበሰውን ስንቴ በልቻለሁ፣ ግን ውሃው ከዚያ ወዲህ እንደድሮው ጥርት ብሎ አልታየም። ዝዋይ ላይ ደግሞ ዓሣ ሆዱን ከፍተው ሲያዩ ከሦስቱ ካንዱ በላይ ፕላስቲክ ተገኝቶበታል። ሐይቅ ላይ ባጃጁን ዳር አስጠግቶ የሚያጥብ ልጅ ባየሁ ቁጥር ይሄ ነው ትዝ የሚለኝ፣ ግን እኔም ትናንት ልብሴን በምን እንዳጠብኩ አውቃለሁ፣ ምን አፍ አለኝ።

እትዬ ይሄን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ ረከቦቱን አነሳሳችና "ሱብሃነላህ፣ እሺ አሁን እኔ ነኝ ወንዙን የመረዝኩት?" አለች። አይደለም እትዬ፣ ሁላችንም ነን አልኳት። "እሺ፣ ታዲያ ይሄን የት ልድፋው?"

መልስ አልነበረኝም። ፌስታሉን ተቀብያት ሰኞ አንድ ፋርማሲ ይዤ ሄድኩ። ልጁ አየኝ፣ ፌስታሉን አየ፣ ቅናሽ ሊጠይቅ የመጣ መስዬው መሰለኝ ግራ ገብቶት "የሸጥነውን እንጂ ያለፈበትን አንቀበልም" አለኝ። ሌላው ጋ ሄድኩ፣ እሷ ደግሞ በጣም ትሁት ናት፣ ድምጿን ዝቅ አርጋ "ሽንት ቤት ይጨምሩት፣ ህፃናት እንዳያገኙት" አለችኝ።

አሁን ፍሪጄ ላይ ነው ያለው። እትዬ ትናንት ደውላ "የኔን ኪኒን ምን አረከው?" ስትለኝ "አስቀምጬዋለሁ" አልኳት፣ ሳቀች ሳቀችና የጎረቤቷም ፌስታል እንዳለ ነገረችኝ።