ከሆቴል በር እስከ ዋትስአፕ

ጎንደር ላይ አስጎብኚነት ስጀምር ሥራ የሚገኘው ፒያሳ፣ ሆቴል በር ላይ ቆሞ ነበር። ቀድሞ ያየ ቀድሞ ይይዛል። ዛሬ ከእንግዳዬ ጋር የምንተዋወቀው ገና አገሯ ሳለች በዋትስአፕ ነው።

አንዷ "ቸነክ ሌሊት ይበርዳል?" ብላ ጻፈችልኝ፤ ቸነክ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያለ የድንኳን ማደሪያ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎች እዚያው ፓርክ፣ ሳንቃበር ላይ ሣር እየነጩ ሲበሉ በስልኬ የቀረጽኩትን ላክሁላት። "ወፍራም ጃኬት ያዢ" አልኳት። ለጓደኞቿ አሳየቻቸውና ሦስት ሆነው መጡ። ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ አላውቅም።

ሌላው ጥያቄ "መንገዱ ሰላም ነው?" የሚል ነው። ካልሆነ "አሁን አትምጡ" እላለሁ፤ ገቢው ቢቀርብኝም።

አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣ። አንድ እንግዳ ስልኩ ያወጣለትን ዕቅድ ይዞ ደረሰ፤ ከጎንደር ራስ ዳሽን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ! የፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ ብቻ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተራራው ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ በእግር ቀናት ይፈጃል። ቡና አስፈልተን መንገዱን በወረቀት ሣልኩለት። በቅሎ ነጂው የት እንደሚጠብቀን፣ የፓርኩ ጠባቂ ከየት እንደሚነሳ አብረን ጻፍን። ስምንት ቀን ቆየ።