የአሮጌ ቲቪ ቀለም የሚመለሰው ከግራጫው ነው

ቲቪዬ ከኤልኢዲ በፊት የነበረው ዓይነት ነው። ከስክሪኑ ጀርባ የሚያበሩለት ቀጫጭን የፍሎረሰንት ቱቦዎች ናቸው። ወፍራም ነው፣ ለማንሳትም ሁለት ሰው ይፈልጋል። ምስሉን ግን እወደዋለሁ። ጊዜ ወስጄ ያስተካከልኩት ስለሆነም ጭምር ነው። በቅርቡ የእህቴ ልጅ ሪሞቱን ይዛ ሜኑ ውስጥ ስትገባ ስትወጣ ሪሴት የሚለውን ተጫነችው። ወዲያው ሳሩ አይን የሚወጋ አረንጓዴ፣ የሰው ፊት ብርቱካናማ፣ ነጭ ሸሚዝ ደግሞ ሰማያዊ ሆነ።

የድሮዎቹን ቁጥሮች በስልኬ ፎቶ አንስቼ ይዤ ነበር። አንድ በአንድ መልሼ አስገባኋቸው። ምስሉ ግን ልቤ ውስጥ ያለው ምስል አልሆነም። ነጩ ሁሉ ቢጫ ቢጫ አለኝ። መጀመሪያ ከዚያ ሰማያዊ ምስል ስለመጣሁ ነው፣ አይኔ ይላመደዋል ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ቀን ላይ ነጭ ወረቀት በመስኮቱ ብርሃን ይዤ ከስክሪኑ ነጭ ጋር ሳስተያየው ቢጫው እውነት ነበር።

ምክንያቱ ቱቦዎቹ ናቸው። የፍሎረሰንት ቱቦ ብርሃን የሚሰጠው በውስጡ በተቀባው ፎስፈር ነው። ያ ቅብ በሺህ በሚቆጠሩ ሰዓታት ይደክማል። ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ ያጋድላል። ነገሩ ቀስ እያለ ስለሚመጣ በየቀኑ የሚያየው ሰው ልብ አይለውም። ስለዚህ የአሮጌ ቲቪን ቀለም መመለስ ማለት የድሮ ቁጥሮችን መልሶ መጻፍ ማለት አይደለም። መድረሻው ቁጥሩ ሳይሆን ነጩ ነው። ነጩና ግራጫው ቦታቸውን ከያዙ ሌላው ቀለም አብሯቸው ይመጣል።

ነጭ የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ የታወቀ መልስ አለ። የኤችዲ ምስል መለኪያ የሆነው ቢቲ 709፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው፣ ነጭን ዲ65 በሚባለው ብርሃን ላይ ያስቀምጠዋል። የብርሃን ቀለም በሚለካበት በኬልቪን ወደ 6500 ገደማ ነው፣ የቀን ብርሃን እንደማለት። ኬልቪኑ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፣ ሲቀንስ ወደ ቢጫና ቀይ ያደላል። ቲቪ ከካርቶኑ ሲወጣ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ በጣም ሰማያዊ ነው። ደማቅ መብራት ባለበት ሱቅ ከሌሎቹ መሃል አይን እንዲስብ ተብሎ የተዘጋጀ ነውና። ቪቪድ ወይም ዳይናሚክ የሚባለው ሞድ እሱ ነው። ከዚያ መውጣት ግማሽ መንገድ መሄድ ነው። ሙቪ ወይም ሲኒማ የሚለውን ምረጡ፣ ከለር ቴምፕሬቸሩን ደግሞ ዋርም አድርጉት። መጀመሪያ የተበላሸ ይመስላችኋል። ሁለት ሦስት ምሽት ታገሱት፣ ከዚያ በኋላ የቀድሞው ነው የሚያስጠላችሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። ያስተካከላችሁት ነገር ትንሽ ቆይቶ በራሱ እየተመለሰ ከሆነ ቲቪው በሱቅ ሞድ ላይ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሞድ ላይ ብዙ ቲቪዎች ራሳቸውን ወደ ደማቁ ምስል ይመልሳሉ። ሜኑው ውስጥ ሆም ወይም የቤት አጠቃቀም የሚለውን ፈልጋችሁ ቀይሩት። ኢኮ፣ ዳይናሚክ ኮንትራስት፣ የክፍሉን ብርሃን እያየ የሚለዋወጠው ሴንሰር፣ ኖይዝ ሪዳክሽን፣ ሁሉንም አጥፉ። እናንተ እያስተካከላችሁ እሱ በጎን እየቀየረ መግባባት አይቻልም። ቲቪውንም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አሙቁት፤ ፍሎረሰንት ቱቦ ቀዝቃዛ ሲሆንና ሲሞቅ አንድ ዓይነት አያበራም።

ብራይትነስ የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ብርሃን የሚጨምረው ባክላይት፣ የጀርባ መብራቱ፣ ነው። ብራይትነስ ጥቁሩን ነው የሚያንቀሳቅሰው። ከ0 እስከ 255 በሚቆጠረው የቪዲዮ ሲግናል ውስጥ ጥቁር ቁጥር 16፣ ነጭ ደግሞ 235 ነው። ለዚህ የተሠራ የሙከራ ምስል አለ። ጥቁር መደብ ላይ ሦስት ቀጫጭን ዘንጎች ይቆማሉ፦ አንዱ ከጥቁር በጥቂቱ የጠቆረ፣ አንዱ ልክ ጥቁር፣ አንዱ በጥቂቱ የነጣ። ብራይትነሱን ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩና ቀስ እያላችሁ ዝቅ አድርጉ። የመጀመሪያው ዘንግ ከመደቡ ጋር ተዋህዶ ሲጠፋ፣ ሦስተኛው ግን ለአይን እንደምንም ሲታይ ቁሙ። የሙከራ ምስል ከሌላችሁ ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ያለበት የምሽት ትዕይንት ይበቃል። የኮቱ እጥፋት መታየት አለበት፣ ጥላው ግን ግራጫ መምሰል የለበትም። ጥቁሩ ምንም ብታደርጉት አመድ ከመሰለ ችግሩ ብራይትነስ ላይ ላይሆን ይችላል። ማጫወቻው ከ16 እስከ 235 እየላከ ቲቪው ከ0 እስከ 255 እየጠበቀ ይሆናል። ያ ኤችዲኤምአይ ብላክ ሌቭል ወይም አርጂቢ ሬንጅ የሚባለው ቦታ ላይ ነው የሚስተካከለው፤ ብራይትነስን በመጎተት አይሆንም።

ኮንትራስቱ ቀላል ነው። ደመና ወይም ነጭ ልብስ እያያችሁ ዝርዝሩ እስኪጠፋ ጨምሩ፣ ከዚያ ትንሽ መልሱ።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን። ጥቁርና ነጭ ፊልም ክፈቱ፣ የትኛውም ይሁን። በዚህ ምስል ውስጥ ቀለም የለም። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ማንኛውም ቀለም የቲቪው ነው፣ ከፊልሙ አልመጣም። ለአሮጌ ቲቪ ከዚህ የተሻለ መመርመሪያ አላውቅም፣ ነፃም ነው። እኔ የማየው የሰው ፊት በቅርብ ሲመጣ ነው። ግንባሩ ላይ ብርሃን ያርፋል፣ ጉንጩ መካከለኛ ግራጫ ነው፣ ከአገጩ ስር ጥላ አለ። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ታያላችሁ። በእኔ ቲቪ ግንባሩ ቢጫ፣ ጉንጩ ደህና፣ ከአገጭ ስር ያለው ጥላ ደግሞ ቀላ ያለ ነበር። ያ አንድ ፊት የት እንደምሄድ ነገረኝ።

ዋይት ባላንስ በሚለው ሜኑ ውስጥ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ሁለት ሁለት ቁጥሮች አሉ። ጌይን የሚባለው ብሩሁን ክፍል፣ ኦፍሴት የሚባለው ጨለማውን ክፍል ይነካል። ግንባሩ ቢጫ ከሆነ ሰማያዊው አንሷል ማለት ነው። ሰማያዊ ጌይንን መጨመር ትችላላችሁ፤ እኔ ግን የበዛውን መቀነስ እመርጣለሁ። አንዱን ቀለም ወደ ላይ መግፋት ነጩ ላይ ቶሎ ጣሪያ ይነካል፣ ዝርዝሩም ይቃጠላል። ስለዚህ ቀዩን በጥቂቱ፣ አረንጓዴውን ከሱም ባነሰ ቀነስኩ። አረንጓዴ ላይ እጄን የምሰበስብበት ምክንያት አለኝ። በቢቲ 709 ስሌት ከምናየው ድምቀት 72 በመቶ ገደማው ከአረንጓዴ ይመጣል፣ 21 በመቶው ከቀይ፣ ሰማያዊ ወደ 7 በመቶ ብቻ ነው። አረንጓዴን ስትነኩ የምስሉ ብርሃን ራሱ ይናወጣል። ጥላውን ለማስተካከል ደግሞ ቀይ ኦፍሴትን አንድ አንድ እያልኩ ዝቅ አደረግሁ። ጨለማው ሲነካ ብሩሁም ትንሽ ይንቀሳቀሳልና ተመልሶ ማየት ግድ ነው። አይን ቶሎ ስለሚላመድ በየመሃሉ ተነስቼ በመስኮት ውጭ አያለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ የመጀመሪያውን ስሜቴን አምናለሁ።

ኢንተርኔት ላይ ለእያንዳንዱ ሞዴል የሚለጠፉ ቁጥሮች አሉ። ሞዱን፣ የሻርፕነሱን ደረጃ፣ የትኛው እንደሚጠፋ ከነሱ ውሰዱ፣ ጠቃሚ ነው። የዋይት ባላንስ ቁጥሮችን ግን አትውሰዱ። አንድ ሞዴል ውስጥ እንኳን ፓነሉ ከፓነል ይለያል፣ የእናንተ ቱቦ ያበራበት ሰዓትም ቁጥሩን ከለጠፈው ሰው ቲቪ ጋር አንድ አይደለም።

ግራጫው ከተስተካከለ በኋላ ከለር የሚለው ቁጥር ብዙ አይደክምም። የሰው ቆዳ እያያችሁ አስተካክሉ፣ የተለያየ መልክ ያላቸው ሰዎች አብረው የሚታዩበት ትዕይንት ቢሆን ይመረጣል። ቀለሙን ሁሉ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ የሚገፋውን ቲንት ከነካችሁት ወደ መሃል መልሱት። ፓል በሚባለው የድሮ የቀለም ቲቪ ስርጭት ዘዴ በመጣ ምስል ላይ ቲንት ደብዝዞ አልሠራም ካለ ቲቪው አልተበላሸም። ቫልተር ብሩህ የተባለው ጀርመናዊ ኢንጂነር በቴሌፉንከን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፓልን ሲሠራ የቀለም ሲግናሉ አንዱ ክፍል በየመስመሩ እንዲገለባበጥ አደረገ። መንገድ ላይ የሚፈጠረው የቀለም መዛባት እርስ በርሱ ይጣፋል። ቲንት የሚያስፈልገው ኤንቲኤስሲ ለሚባለው ለአሜሪካው ዘዴ ነበር።

ሻርፕነስን በሰብታይትል ነው የምፈትሸው። በፊደሎቹ ዙሪያ ነጭ ወይም ጥቁር ጥላ ካለ በዝቷል። ጥላው እስኪጠፋ ቀንሱ።

ሰርቪስ ሜኑ የሚባለውን በሪሞት ኮድ የሚገባበትን ቦታ ተዉት። የፋብሪካው ልኬት እዚያ ትንሽ ሚሞሪ ቺፕ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል፣ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም አይጠፋም። በብዙ ቲቪዎች የተለመደው ሪሴትም አይደርስበትም። የእህቴ ልጅ የነካችው የላይኛውን ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ከቀለም ጎን የፓነሉ ዓይነት የሚመረጥበት ቁጥርም አለ፤ እሱ ከተሳሳተ ምስሉ ሊገለበጥ ወይም ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። የግድ መግባት ያለበት ሰው እያንዳንዱን ገጽ ሳይነካ በፊት ፎቶ ያንሳ።

ቲቪዎች ሴቲንግን ብዙ ጊዜ ለየመግቢያው ለየብቻ ነው የሚይዙት። ኤችዲኤምአይ 1 ላይ ያስተካከላችሁት ኤችዲኤምአይ 2 ላይ ላይኖር ይችላል። ዋይት ባላንሱ የፓነሉ ጉዳይ ስለሆነ ያንኑ ቁጥር መድገም ይቻላል፤ ብራይትነስና ኮንትራስት ግን ለእያንዳንዱ ማጫወቻ እንደገና ይታያሉ። እኔ የሁሉንም ገጽ ፎቶ ካነሳሁ በኋላ ቀኑን ጨምሬ በወረቀት ጻፍኩና ከቲቪው ጀርባ ለጠፍኩት። ከአገጭ ስር ያለው ጥላ ላይ አሁንም በጣም ትንሽ ቀይ አለ። ኦፍሴቱን ከዚህ በላይ ስቀንሰው መካከለኛው ግራጫ ወደ አረንጓዴ ስለሚሄድ እዚያ ላይ ተውኩት።