ባዶ ያልሆነው ባዶ ዲስክ

ደሴ የምትኖረው እናቴ የእህቴ ሠርግ የተቀረጸበት ዲቪዲ ተጭሮ መሐል ላይ እየቆመ ስላስቸገራት፣ ሌላ ቅጂ እንዳወጣላት ከጠየቀችኝ ሰንበትበት ብሏል። «በስልክ ልላክልሽ» ብላት «እኔ ሰው የሚታየኝ በቴሌቪዥን ነው፤ በዚያች ጠባብ መስታወት ማንንም አልለይም» አለችኝ። ቅጂው ኮምፒውተሬ ላይ ስላለ የአንድ ሰዓት ሥራ መስሎኝ ነበር፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ትናንት ጠዋት ከመርካቶ የገዛሁትን ባዶ ዲቪዲ ሳስገባ ድራይቩ (ዲስክ የሚገባበት የኮምፒውተሩ ክፍል) ጥቂት ተሽከርክሮ ጸጥ አለ፤ ዊንዶውስም ዲስክ እንዳስገባ ጠየቀኝ። ዲስኩ እኮ ውስጥ ነው! ከጥቅሉ አምስት አውጥቼ በየተራ ሞከርኩ፤ መልሱ አንድ ነው። ሌንሱ ቆሽሾ ይሆናል እንዳልል፣ አንድ የቆየ የፊልም ዲቪዲ ወዲያው ተከፈተልኝ። ከዚያ ድራይቩን ከዲቫይስ ማኔጀር፣ ማለትም ከዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር፣ አጥፍቼ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሣሁ፤ የዊንዶውስ ቅንብሮች የሚቀመጡበትን ሬጂስትሪም ነካካሁ፤ ግማሽ ቀኔን በላው እንጂ ምንም አልፈየደልኝም።

ስህተቴ የገባኝ ማታ ነው። ባዶ ዲስክን እንደ ባዶ ፍላሽ እቆጥረው ነበር። ፍላሽ ፋይል ባይኖርበትም የፋይል ሥርዓቱ ተዘጋጅቶ ስለሚሸጥ ዊንዶውስ ይከፍተዋል፤ ያልተጻፈበት ዲቪዲ ግን የሚከፈት ነገር የለውም። ያለው ከመሐል ወደ ዳር እየተጠመዘዘ የሚሄድ፣ በስልት የሚወላገድ ቀጭን ቦይ ሲሆን፣ የዲስኩ ዓይነት፣ የአምራቹ መለያና የመጻፊያው ፍጥነት ፋብሪካ ውስጥ ከዚያ ቦይ ጋር ተቀርጸው ይመጣሉ። ይህንን የሚያነበው ዊንዶውስ ሳይሆን ድራይቩ ራሱ፣ በውስጡ ባለው ፈርምዌር (የድራይቩ የራሱ ፕሮግራም) አማካይነት ነው፤ ድራይቩ ዲስክ አላገኘሁም ካለ ዊንዶውስ የሰማውን ከመድገም በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ ስመረምር የዋልኩት ለካ መልእክተኛውን ነው።

ዛሬ ጠዋት መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የቀረ ባዶ ሲዲ አስገባሁ፤ 700 ሜጋባይት ባዶ ቦታ እንዳለው ወዲያው ታየ። ባዶ ሲዲን የሚያውቅ፣ የተጻፈበትን ዲቪዲ የሚያነብ፣ ባዶ ዲቪዲን ግን የማያውቅ ድራይቭ ምን ዓይነት ነው? ጎንበስ ብዬ የድራይቩን ፊት ሳየው መልሱ እዚያው ታትሟል፤ ኮምቦ ነው። ሲዲ ይጽፋል፣ ዲቪዲ ያነባል፣ ዲቪዲ ላይ መጻፍ ግን አይችልም። ሲዲ በ780፣ ዲቪዲ ደግሞ በ650 ናኖሜትር ሌዘር ስለሚሠሩ የአንዱ ችሎታ ለሌላው አይተርፍም። ዓመታት ሙሉ ፊት ለፊቴ የነበረውን ምልክት አለማንበቤን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለዚህ ማስታወሻ ብቻ።

ከጎረቤቴ በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪዲ መጻፊያ ተውሼ መጣሁ፤ እሱም ውስጡ ያለውን ዲስክ አላየሁም አለ። ድምፁ ግን ከመጀመሪያው የተለየ ነበር፤ መሽከርከር ይጀምርና አቅም እንዳነሰው ሁሉ ይደክማል። ለካ ገመዱ ሁለት ራስ አለው፤ እኔ የሰካሁት አንዱን ብቻ ነበር። የዩኤስቢ 2.0 አንድ ቀዳዳ እንዲሰጥ የተወሰነለት 500 ሚሊአምፒር በመሆኑ ለዚህ መጻፊያ አልበቃውም። ሁለቱንም ከኮምፒውተሩ ጀርባ ስሰካቸው ባዶው ዲቪዲ ታወቀ። ማሸጊያው 4.7 ጊጋባይት ሲል ዊንዶውስ 4.38 ብሎ ያሳያል፤ አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 እያባዙ ስለሚቆጥሩ እንጂ የጎደለ ነገር የለም።

ለዲቪዲ መጻፊያ ዝግ ያለ በሚባለው በአራት እጥፍ (4x) ፍጥነት ጻፍኩት፤ ያልተዘጋ ዲስክ የእናቴ ማጫወቻ ላያነበው ስለሚችል ፋይናላይዝ ማድረጉንም፣ ማለትም ዲስኩን መዝጋቱንም፣ አልዘለልኩም። መጫር እንደማይቀርለት ስለማውቅ ሁለት ቅጂ አውጥቻለሁ። ነገ ወደ ደሴ የሚሄደው የአክስቴ ልጅ ይዞላት ይሄዳል።