የቆፈርኩት አፈር ጎረቤት ግቢ ገባ

ሰላም ናችሁ? ባለፈው ክረምት ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ስር ቤት ልሰራ ብዬ ያጠፋሁትን ጥፋት ልንገራችሁ።

ፋውንዴሽኑን ያስቆፈርኩት ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ሰኔ! ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው እንዴት ሰኔ ላይ መሬት ይከፍታል፣ ግን ብረት ሳይጨምር ጀምር ጀምር ተባልኩና ስካቫተሩን አስገባሁ፣ የወጣውን አፈር መንገድ ዳር ቆለልነው፣ ሲኖትራኩ ነገ ይመጣል ነገ ይመጣል ስንል ሐምሌ ገባ። አንድ ሌሊት ያ ዝናብ ወረደ። ጠዋት ስወጣ የቁልሉ ግማሽ የለም። ዲቹን ደፍኖታል፣ ውሃው መሄጃ ሲያጣ መንገዱን ተሻግሮ ከኔ በታች ያሉት እትዬ ግቢ ገብቷል፣ የማገዶ ቤታቸው እስከ ጉልበት ደለል። እኔ አፍሬ ቆሜያለሁ፣ እሳቸው "አብሽር ልጄ፣ አፈርህን ግን መልሰህ ውሰድልኝ" አሉኝ። ሁለት ቀን በአካፋ ስዝቅ ዋልኩ።

እየዛቅኩ ነው ነገሩ የገባኝ። ፈቃድ ሳወጣ ፕላኑን፣ ኮለኑን፣ ብረቱን ሁሉ ጠይቀውኛል፣ አፈሩን የት ታደርገዋለህ ያለኝ አንድ ሰው የለም። በ2001 የወጣው የህንፃ አዋጅ (ቁጥር 624) ቁፋሮ የጎረቤትን ንብረት እንዳይጎዳ ባለቤቱ ይጠንቀቅ ብሏል፣ እኛ ግን እሱን የምናስታውሰው የሰው ግንብ ሲሰነጠቅ ነው፣ ጎርፍ ይዞት የሚሄደውን አፈር ማንም አይቆጥረውም። ያ አፈር ደግሞ ቦርከና ወንዝ ገብቶ ወደ ኮምቦልቻ ነው የሚወርደው።

የሚያናድደው ይሄ ወሎ መሆኑ ነው! እርከንና ክትር እኮ እኛ ጋ ልጅ የሚያውቀው ነገር ነው፣ ገበሬው በበጋ ለተፋሰስ ስራ ዶማውን ይዞ ይወጣል፣ ከደሴ ብዙ ሳይርቅ ማይባር ላይ በፈረንጅ 1981 የአፈር መሸርሸር የሚለካበት ጣቢያ ተቋቁሟል። ገበሬው አፈር ያዝ ይባላል፣ ከተሜው ዝም ይባላል።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግንባታ ላይ ነው የሚሰራው፣ በቴሌግራም ስነግረው ሳቀብኝ። እነሱ ጋ ከ5,000 ስኩዌር ፊት በላይ (465 ካሬ ገደማ) የሚነካ ስራ ከሆነ የአፈር መከላከያ ፕላን ሳይፀድቅ ማሽን አይገባም፣ እሱ ያለበት ቦታ ፈቃዱን የሚሰጠውም ተቆጣጣሪ የሚልከውም ካውንቲው ራሱ ነው። የተከፈተ መሬት ስራ ከቆመበት በ7 ቀን ውስጥ በሳር ዘር ወይም በጭድ መሸፈን አለበት፣ 3 ሜትር አግድም ሄዶ ከ1 ሜትር በላይ የሚወርድ ቁልቁለት ከሆነ በ3 ቀን። በዚህ ሂሳብ የኛ ሰፈር ሙሉው በ3 ቀን ነው 😅 የሀገሩ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት እንደሚለው ከግንባታ ቦታ የሚታጠበው ደለል ከእርሻ መሬት ከ10 እስከ 20 እጥፍ ይበልጣል። እኔ አንድ ቤት ምን ያመጣል ባይ ነበርኩ።

እሱ የነገረኝን ሞከርኩት። ከታች በኩል ችካል ተክዬ የማዳበሪያ ጆንያ ቀድጄ ወጠርኩበት፣ ኩራት በኩራት ሆንኩ፣ በሚቀጥለው ዝናብ ውሃው በስሩ ሾልኮ ወጣ። ለካ የጨርቁ ጫፍ 15 ሳንቲ ያህል ተቆፍሮ መቀበር አለበት፣ ሙያው እዛ ላይ ነው። ስቀብረው ውሃው ከኋላው እየተኛ ደለሉን ጥሎ ቀስ ብሎ መጣራት ጀመረ። ቁልሉን በሸራ ሸፈንኩ፣ የመኪና መግቢያው ላይ ድንጋይ ደለደልኩ ጎማው ጭቃ ይዞ ኮብልስቶኑ ላይ እንዳይወጣ። ወጪው የስካቫተሩን የአንድ ሰዓት ኪራይ አይሞላም፣ ሸራውን ጨምሮ።

እና ከተማው አዲስ መስሪያ ቤት ያቋቁም እያልኩ አይደለም። ፈቃድ ላይ አንድ መስመር ትጨመር፣ አፈሩ የት ይቀመጣል፣ መቼ ይነሳል፣ እስኪነሳ በምን ይሸፈናል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ትልቅ ቁፋሮ ባይፈቀድ ደስ ይለኛል፣ ኮንትራክተሮች እንደምትሰድቡኝ አውቃለሁ።

ሁለት ቢያጆ የሚሆን አፈር አሁንም ግቢዬ አለ፣ ሸራ ለብሶ። ደሴ ውስጥ ለአትክልት የሚፈልግ ካለ በነፃ ይውሰድ፣ መኪናውን ግን ራሱ ይቻል።