ከድልድዩ ሥር ያለው ቀበና

ቀበና ለብዙዎቻችን የሰፈር ስም ነው፤ የታክሲ ረዳት «ቀበና! ቀበና!» እያለ ሲጣራ ወንዙን የሚያስታውስ ተሳፋሪ ያለ አይመስለኝም። እኔም በድልድዩ ላይ ለዓመታት ስመላለስ ወደ ታች የምመለከተው በክረምት ብቻ ነበር። በሐምሌና በነሐሴ ከእንጦጦ የሚወርደው ደራሽ ውኃ ድንጋይ እያንከባለለ ሲያገሳ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየዋል፤ መስከረም ከጠባ በኋላ ግን ድምፁም ተመልካቹም ይጠፋል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በወደዱት ፍልውሃ ዙሪያ ነው። በውኃ ምክንያት የተመሠረተች ከተማ ብትሆንም ቤቶቻችንን ስንሠራ ጀርባቸውን ለወንዝ ሰጠን፤ በጓሮ በኩል ያለ ነገር ደግሞ መጣያ ይሆናል። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የፋብሪካ ዝቃጭ፣ የጋራዥ ዘይት፣ ፌስታሉ ሳይቀር መድረሻቸው ወንዝ ሆነ።

የጣልነው ግን ርቆ አይሄድም። ቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ወርደው ከዚያ ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ። ግድቡ ከመድረሳቸው በፊት በየዳርቻቸው ያሉ ገበሬዎች በዚሁ ውኃ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን ያለማሉ፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል። በእነዚህ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች አግኝተውባቸዋል፤ ክሮሚየም የቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉበት ንጥረ ነገር መሆኑን ላወቀ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ገበሬውን ለመውቀስ ግን አንደበቴ አይደፍርም፤ ውኃውን ያቆሸሸው እርሱ አይደለምና።

በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ለማልማት የታቀደው ሥራ ሲነገር ከተደሰቱት አንዱ ነበርኩ፤ ዛሬም በወንዝ ዳር መናፈሻዎች ስዘዋወር ደስ ይለኛል። ሆኖም ዳርቻውን ድንጋይ ማንጠፍ አንድ ሥራ ነው፤ ከላይ ያሉትን ሰፈሮች መጸዳጃ ቤቶች ከፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘት ደግሞ ሌላ፣ ፎቶ የማይነሡበት ሥራ ነው፤ ውኃውን የሚያጠራው ግን ይኼኛው ነው።

ባለፈው ሳምንት ጉልት ላይ አንዲትን እናት ቆስጣው ከየት እንደመጣ ጠየቅኋቸው። «ከአቃቂ ነው ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት የተቀጠፈ» አሉኝ። ሁለት እስር ገዛሁና ቤት ስገባ ደጋግሜ አጠብሁት፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባ ብረት በእጥበት እንደማይወጣ እያወቅሁ።