ድሬዳዋ ላይ እርሾን በካንሰር መድኃኒት ስንፈትን

ሙከራው የተለያዩ የእርሾ ዝርያዎችን የካንሰር መድኃኒት በያዘ ሳህን ላይ አንጠባጥቦ የትኛው እንደሚያድግ ማየት ነው። ድሬ ላይ ይህን ሙከራ የሚያበላሸው ከሁሉ በፊት ሙቀቱ ነው። ብዙው ኢንኩቤተር (እርሾው የሚያድግበት ማሽን) ያሞቃል እንጂ አያቀዘቅዝም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ክፍሉ 34 ዲግሪ ከሆነ፣ ማሽኑን 30 ላይ ብናደርገውም ውስጡ ከ34 አይወርድም። ሙቀት ያደከመው ዝርያ ደግሞ መድኃኒት የጎዳው ይመስላል። ሐረር ከፍ ስለሚል ተራው ኢንኩቤተር ይበቃል። እዚህ ግን በረዶ የሆነ የውኃ ጠርሙስና ቴርሞሜትር የያዘ የፎም ሣጥን ይሻላል፤ ጠርሙሱ ጠዋትና ማታ ይቀየራል።

ለግማሽ ሊትር ሚዲያ (የእርሾው ምግብ) 5 ግራም የእርሾ ኤክስትራክት፣ ፔፕቶን፣ ግሉኮስና አጋር እያንዳንዳቸው 10 ግራም ይገባሉ። ከኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም ከሚገድለው ማሽን) ወጥቶ ወደ 55 ዲግሪ ሲበርድ 3.8 ግራም ሃይድሮክሲዩሪያ (አንዱ የካንሰር መድኃኒት) ይጨመራል፤ ይህ በጥንካሬ 100 ሚሊሞላር ነው። ትኩስ ላይ ከተጨመረ መድኃኒቱ ይበላሻል። ዱቄቱ የሰውንም ሕዋስ ስለሚጎዳ ያለ ጓንት አይነካም።

ሌሊቱን ያደረው እርሾ መድኃኒትና አጋር በሌለው አዲስ ሚዲያ ቀጥኖ፣ በ600 ናኖሜትር ብርሃን የሚለካው የድፍርሱ ንባብ 0.5 እስኪደርስ ያድጋል። ከዚያ 20 ማይክሮሊትሩ ወደ 180 ማይክሮሊትር ውኃ እየገባ አራት ጊዜ በ10 እጥፍ ይቀጥናል፤ በየደረጃው የፒፔቱ ጫፍ ይለወጣል። ከእያንዳንዱ 5 ማይክሮሊትር ሳህኑ ላይ ይንጠባጠባል። እርሾ ቶሎ ስለሚዘቅጥ፣ ከመንጠባጠቡ በፊት ካልተነቀነቀ ሁለተኛው ረድፍ ከአንደኛው ይደምቅና ግራ ያጋባል።

የድሬ አየር ሳህኑንም ቶሎ ያደርቃል። ውኃው ሲተን መድኃኒቱ ይጠነክራልና፣ ጠብታው እንደተመጠጠ ሳህኑን ገልብጦ በፕላስቲክ መጠቅለል ነው።

ካምፕቶቴሲን የተባለው ሌላው የካንሰር መድኃኒት በዲኤምኤስኦ (ማሟሚያ ፈሳሽ) ስለሚሟሟ፣ መድኃኒት የሌለበት ሳህንም ያንኑ መጠን ዲኤምኤስኦ ይያዝ። የቶፖአይሶሜሬዝ 1 (የዲኤንኤን ጥምዝ የሚፈታ ኢንዛይም) ጂን የሌለው ዝርያ እዚህ ትልቅ ምስክር ነው። መድኃኒቱ የሚገድለው ኢንዛይሙን ዲኤንኤው ላይ ቆልፎ ስለሆነ፣ ኢንዛይሙ ከሌለ እርሾው ያድጋል። እሱም ከሞተ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ሳይሆን የሳህኑ ነው። ሲስፕላቲን የተባለውን ፕላቲነም ያለበት የካንሰር መድኃኒት ግን በዲኤምኤስኦ ማሟሟት አይገባም፤ ዲኤምኤስኦው ከፕላቲነሙ ጋር ተጣብቆ ያከሽፈዋል። በጨው ውኃ ይሟሟ።

መድኃኒት የሌለባቸው ሳህኖች ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ሌላው ከታችኛው። ከ48 ሰዓት በኋላ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ የሌሎቹን ሳህኖች ውጤት አለመመዝገብ ነው።